ጥያቄ፦ ትሬለር ውስጥ እየኖርን ሬኖ አካባቢ የፒክ ሰሞን ዌርሃውስ ልንሠራ ነው፤ ብርዱን እንዴት እንቻለው?

መንገደኛው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ዕድሜዬ 57 ነው፣ ባለቤቴ 49። ዴንቨር 14 ዓመት ኖርን። ዘንድሮ የአፓርታማ ውላችን ሲያልቅ ጭማሪውን አልቻልነውም። ዕቃችንን ስቶሬጅ አስገብተን፣ ባጠራቀምናት ገንዘብ ያገለገለ ባለ 26 ጫማ ትሬለር ገዛን፤ የ2014 ስሪት ነው። የሚጎትተው ፒክአፕ ቀድሞም ነበረኝ።

አሁን ሬኖ አጠገብ ስፓርክስ ያለ አንድ ዌርሃውስ ለሁለታችንም የፒክ ሥራ፣ ማለትም የበዓል ገበያ ጥድፊያ ሰሞን የሚሠራውን፣ ሰጥቶናል። ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ፈረንጅ ገና፣ በሰዓት 17.50 ዶላር፣ በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 4 ቀን። ከታንክስጊቪንግ በኋላ 5 ቀንም 6 ቀንም ሊሆን ይችላል ብለውናል። ማደሪያ አይሰጡም።

በብርድ ጊዜ ትሬለር ውስጥ አድረን አናውቅም። የት እናቁመው? ውሃውና ማሞቂያውስ እንዴት ይሆናል? ወጪው ተቀንሶ የሚተርፍ ነገር ይኖራል ወይ? ባለቤቴ ደግሞ ያለ ምጣዴ አልሄድም ብላለች። ምጣድ እዚያ ይሠራል?

የስፓርክሷ

ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ እዚሁ ስፓርክስ ሁለት ዓመት በተከታታይ እንደዚሁ በአርቪ (በተሽከርካሪ ቤት) እየኖርን ሠርተናል። ከሁሉ በፊት መቆሚያ ቦታ ይያዙ። ዛሬውኑ ይደውሉ፤ ኦክቶበር ላይ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚፈልገው የእርስዎን ዓይነት ቦታ ነው።

ሲደውሉ የስሪቱን ዓመት ቀድመው ይናገሩ። ብዙ አርቪ ፓርኮች ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን አይቀበሉም፤ የእርስዎ ደግሞ አልፏል። ግን ደንቡን ሁሉም አያጠብቀውም። እኛ ትሬለሩን አጥበን ከአራቱም ጎን ፎቶ አንስተን ላክንላቸው፤ ሁለቱ እምቢ ሲሉ ሦስተኛው ተቀበለን። የወር ዋጋ ይጠይቁ፣ ከቀንና ከሳምንቱ በጣም ይረክሳል። ነገር ግን በወር ሲከራዩ መብራቱ ብዙ ጊዜ በቆጣሪ ለብቻው ስለሚከፈል፣ ኪራዩን ብቻ ሰምተው እንዳይደሰቱ። «በብርድ ወቅት ውሃው ከየመቆሚያው እንደተከፈተ ይቆያል ወይ?» ብለውም ይጠይቁ። የሚዘጉ አሉ።

ሌላው፣ ኢንተርኔት ላይ «ድርጅቱ የመቆሚያውን ኪራይ ይከፍላል» የሚል ምክር ያገኛሉ። ያ የአማዞን ካምፐርፎርስ የሚባለው ፕሮግራም ነው። በ2008 ካንሳስ ኮፊቪል ላይ ተጀምሮ በአርቪ የሚመጡ ሠራተኞችን ለፒክ ይቀጥር ነበር፣ መቆሚያውንም ይሸፍን ነበር። ያ ፕሮግራም ቀርቷል። በዚያ ሒሳብ አያቅዱ። ዌርሃውሱ ፓርኪንግ ላይ ማደርም አይታሰብ፤ ሴኩሪቲው ሌሊት ያስነሳዎታል፣ ሥራውም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሽቦና ቧንቧ

ወንድሜ፣ እኩያህ ነኝ፤ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ እኔም ትሬለር አለኝ። የምጣዱን ነገር ልንገርህ፣ ምክንያቱም ምጣዱ የገባህ ቀን የትሬለሩ መብራት በሙሉ ይገባሃል።

ባለ 26 ጫማ ትሬለር አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ 30 አምፕ ነው። 30 በ120 ቮልት ስታባዛው 3600 ዋት ይሆናል። ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ግን ከ80 ከመቶው ባታልፍ ይመረጣል፣ ማለትም 2880 ዋት። አሁን ቁጠር። ትልቁ የእንጀራ ምጣድ 1500 ዋት ገደማ ይበላል። ሱቅ የሚሸጠው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሂተርም ሲከፈት 1500 ነው። የውሃ ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ክፍል ወደ 1440። ሦስቱ አንድ ላይ ከ4400 በላይ ሆኑ፤ ብሬከሩ ይወድቃል። ምጣድና ሂተር ብቻቸውን እንኳ አንድ መስመር ላይ ከሰካሃቸው 25 አምፕ ይጎትታሉ። የውስጥ ሶኬቶች ደግሞ በአብዛኛው በአንድ 15 ወይም 20 አምፕ ብሬከር ላይ ነው የተንጠለጠሉት።

ስለዚህ ምጣድ ይሠራል፤ ብቻውን ነው የሚሠራው። የጋገራ ቀን ሂተሩን ንቀሉ፣ የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዙሩ፣ ቤቱን በጋዙ ማሞቂያ አሙቁ፣ የጣሪያውን ማራገቢያ ክፈቱ። በቀጭን ኤክስቴንሽን ምጣድ አትሰኩ፤ እሳት ነው። በፓርኩ ሶኬትና በትሬለርህ ገመድ መካከልም ሰርጅ ፕሮቴክተር (ከመብራት መዋዠቅ የሚከላከለውን) አድርግ፤ የፓርክ መብራት ሁልጊዜ ጤነኛ አይደለም።

ወደ ብርዱ ስንመጣ፣ ሬኖ ዲሴምበር ላይ ሌሊቱ 20ዎቹ ፋራናይት ውስጥ መውረዱ የተለመደ ነው። የትሬለሩ የጋዝ ማሞቂያ በሰዓት 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ይበላል ብለን እንያዝ። ባለ 20 ፓውንዱ የፕሮፔን ሲሊንደር ወደ 430,000 ቢቲዩ ይይዛል። ማሞቂያው ሳያቋርጥ ቢነድ 14 ሰዓት ብቻ ነው። ግማሹን ጊዜ ቢነድ ከአንድ ቀን ትንሽ ያልፋል። ለዚህ ነው ሰዉ ሁለቱን የሚያፈራርቀው፤ ቀን ሂተር፣ ሌሊት ጋዝ። ሁለት ሲሊንደር ይኑርህ፤ አንዱ ሲያልቅ በማግስቱ ሙላው፣ ሁለተኛው እስኪያልቅ አትጠብቅ።

ሌሊት ሂተር ብቻ ከፍተህ ጋዙን አታጥፋ። የጋዙ ማሞቂያ በብዙ ትሬለር ከወለል በታች ላለው ቧንቧና ታንክም ሙቀት ይልካል። ሂተር የሚያሞቀው እናንተን ነው፤ ቧንቧው ከታች ይበርዳል፣ ይፈነዳል።

ለውሃው ወይ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የውሃ ጎማ ግዛ፣ ወይ የትሬለሩን ታንክ ሞልተህ ጎማውን ነቅለህ በፓምፑ ተጠቀም። የቆሻሻውን ቫልቭ ዘግተህ ያዝ፤ ታንኩ ሊሞላ ሲል ብቻ ልቀቀው። ክፍት ከተውከው ትንሽ በትንሽ የሚፈሰው ጎማው ውስጥ በረዶ ይሆናል። በትሬለሩ ዙሪያ ከታች በፎም ቦርድ ሸፍነው። ንፋሱን ካቆምከው ግማሹን ሥራ ጨረስክ።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙን ገልብጠህ ቀኑን እይ። ዕድሜው ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው፤ የ2014 ትሬለር ከሆነ የመጀመሪያው አላርም ሞቷል ማለት ነው። መብራቱ ቢበራም አትመነው፣ ሳትውል ሳታድር ቀይረው። የምግብ ምድጃውን ለማሞቂያ ብላችሁ በፍጹም አታብሩ። 10 ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው እንቅልፉ ከባድ ነው፤ ሽታ የሌለውን ይህን መርዛማ ጋዝ አይሰማውም።

መንገደኛው (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። ሄጄ አየሁት፤ ገመዱ 30 አምፕ ነው፣ አላርሙ ላይ የተጻፈው 2013 ይላል። ነገ እቀይራለሁ። ባለቤቴ ምጣዱ እንደማይቀር ስታውቅ ደስ ብሏታል።

እናት ዓለም

ለባለቤትህ ነው የምጽፈው። እህቴ፣ እኔ በ51 ዓመቴ ሁለት ፒክ ሠርቻለሁ። ቤትሽ ትንሽ ስለሆነች ሽሮ ስታንተከትኪ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ መስኮቱ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ጠዋት ፍራሹን ስታነሺው ከሥሩ እርጥብ ነው፣ በወሩ ይሻግታል። ምግብ ስትሠሪ የጣሪያውን ቀዳዳ ትንሽ ክፈቺ፣ ብርድ ቢሆንም። ፍራሹን በየሳምንቱ ገልብጪው።

ሊጡ በብርድ አይቦካልሽም። የጋዙ ማሞቂያ አየር በሚወጣበት አጠገብ አድርጊው፣ ግን አፉን አትዝጊበት። በዕረፍት ቀንሽ የሳምንቱን ጋግረሽ ጨርሺ፤ ከሥራ መጥቼ እጋግራለሁ ብትዪ አይሆንም፣ ያን ሰዓት ጫማሽን ማውለቅ ራሱ ሥራ ነው።

ደግሞ አስቡበት፣ ዋናው ጥድፊያ ጾም ላይ ነው የሚወድቀው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ በፈረንጁ ኖቬምበር 24 ገደማ፤ ታንክስጊቪንግና ብላክ ፍራይደይ አጠገቡ ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ሳትሄዱ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። እኔ ተነጋግሬ ነው የሄድኩት፤ በልቤ እየተጨነቅሁ ዕቃ ከማነሳ ይሻላል ብዬ። በሶ በጠርሙስ በጥብጬ፣ ቆሎ በኪሴ ይዤ እገባ ነበር። ምሳ ሰዓት ማይክሮዌቭ ጋ ያለው ሰልፍ የዕረፍቱን ግማሽ ይበላዋል።

ጫማ ሁለት ጥንድ ይኑራችሁ፣ በየቀኑ እየቀያየራችሁ አድርጉ፤ በግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ ግዙ፣ እግር ከሰዓት ያብጣል። ከዛሬ ጀምራችሁ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተራመዱ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው የሚያለቅስበት ነው፤ ሦስተኛው ላይ ሰውነት ይለምዳል።

ታክስ ሠሪ

ስለ ገንዘቡ ልጨምር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

በ40 ሰዓት ሳምንት ለአንድ ሰው 700 ዶላር ነው። 60 ሰዓት ስትሠሩ 20ው ሰዓት በ26.25 ስለሚታሰብ 1,225 ይሆናል። ከዚህ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 ከመቶ ይቆረጣል፣ ከዚያ የፌዴራል ታክስ አለ። ኔቫዳ የደመወዝ ታክስ የላትም። እናንተ ግን መንጃ ፈቃዳችሁም አድራሻችሁም ኮሎራዶ ከሆነና ፒኩ ሲያልቅ የምትመለሱ ከሆነ፣ ኮሎራዶ ከ4 ከመቶ ትንሽ ከፍ ያለውን ታክሷን ኔቫዳ ከሠራችሁበትም ገንዘብ ትጠይቃለች። የኔቫዳ አሠሪ ይህን ላይቆርጥላችሁ ይችላል፤ ኤፕሪል ላይ ባንድ ጊዜ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ቼክ 5 ከመቶ ለብቻ አስቀምጡ።

በኔቫዳ ሕግ ደግሞ የሰዓት ክፍያው ከዝቅተኛው ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ በታች ከሆነ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ያለው ኦቨርታይም ነው። ዝቅተኛው 12 ዶላር ስለሆነ ወሰኑ 18 ነው፤ የእናንተ 17.50 ከሥሩ ነው። ግን በቀን 10 ሰዓት ለ4 ቀን ለመሥራት ከአሠሪው ጋር ከተስማማችሁ ይህ አይሠራም። ስትፈርሙ ያ ስምምነት ወረቀቱ ውስጥ አለ የለም እዩ። ከ40 ሰዓት በላይ ያለው ኦቨርታይም ግን በማናቸውም መንገድ አይቀርም።

ኢንሹራንሳችሁ የኮሎራዶ ሜዲኬይድ ከሆነ ኔቫዳ ላይ ከድንገተኛ ሕክምና በቀር አትጠብቁ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ በብዛት አሞልታችሁ ውጡ። ግሪን ካርድ ላይ ከሆናችሁ አድራሻ በለወጣችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ቅጹ ኤአር-11 ይባላል፣ ኦንላይን ይሞላል። ዜጋ ከሆናችሁ አይመለከታችሁም። ሥራ በጀመራችሁ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ወረቀታችሁን ማሳየት አለባችሁ፦ ግሪን ካርድ ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ካልሆነ መንጃ ፈቃድና የሶሻል ካርዱ ራሱ። ስቶሬጅ ካርቶን ውስጥ ከገባ አሁኑኑ አውጡት።

ባለ 18 ጎማ

ጋሼ፣ እኔ ብሆን ዘንድሮ አልሄድም። ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴና እኔ በዚሁ ሒሳብ ሄደን፣ ዲሴምበር ላይ ቧንቧችን ፈነዳ፤ ወለሉን አስቀየርን፣ ሥራ ቀረን፣ ያገኘነው ለጥገና ወጣ። ኦክቶበር ላይ ሰሜን ዳኮታና ሚኒሶታ መካከል ሬድ ሪቨር ሸለቆ ሹገር ቢት የሚሉት የስኳር ሥር ይለቀማል። ኦክቶበር 1 አካባቢ ይጀምራል፣ ወደ ሁለት ሳምንት ነው፣ ቀን 12 ሰዓት፣ የአርቪ መቆሚያ ይሰጣሉ። ሲሞቅና ሲዘንብ ሥራው ይቆማል፣ ከባዱ ብርድ ሳይገባ ግን ያልቃል። ለሚቀጥለው ዓመት አስቡት።

ከሄዱ ግን መንገዱን አይናቁት። ከዴንቨር ሬኖ ወደ 1,000 ማይል ነው። በዋዮሚንግ አይ-80 ላራሚና ሮውሊንስ መካከል፣ ኤልክ ማውንቴን አጠገብ፣ ንፋሱ ባዶ ትሬለር ይገለብጣል። ንፋስ ሲበረታ ለቀላልና ረጃጅም መኪና መንገዱን ይዘጋሉ፤ የእርስዎ ትሬለር እዚያ ውስጥ ነው። የዋዮሚንግን የመንገድ መረጃ ሳያዩ አይነሱ። ከተዘጋ ላራሚ አድረው ይጠብቁ። ሁለት ቀን ትርፍ ይያዙ።

የስፓርክሷ

ወንድሜ፣ የደረሰባችሁ ያሳዝናል፤ ፍርሃትህም ትክክል ነው። ግን ጋሼ ሁለቱም ሥራ ይዘዋል፣ የአፓርታማ ኪራይም የለባቸውም። ያኔ የውሃ ጎማችሁ የሚሞቅ ነበር? የትሬለሩ ታች ተሸፍኖ ነበር? እኛ በመጀመሪያው ዓመት ሳንሸፍን ቆይተን ኖቬምበር ላይ ውሃው ቆሞብናል፤ በሁለተኛው ዓመት ሸፍነን አንድም ቀን አልቆመም።

ባለ 18 ጎማ

አልነበረም። ሁለቱም አልነበሩም።

መንገደኛው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አሰብንበት። እንሄዳለን፤ ግን ቅድሚያ ለትሬለሩ ሰጠን። አላርሙ ተቀየረ። የሚሞቀው ጎማና ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ተገዝቷል፣ ፎም ቦርዱን እዚያው ስንደርስ እንገዛለን። ሰባት ፓርክ ደውዬ አምስቱ በዓመቱ ምክንያት እምቢ አሉ፤ አንዱ ፎቶ አይቶ በወር ተቀበለን፣ መብራት በቆጣሪ ነው፣ ውሃው አይዘጋም። ግሪን ካርዳችንን ከስቶሬጅ አወጣን። መንገዱን በየቀኑ እያየሁ ነው፤ ንፋሱ ከፈቀደ ሐሙስ እንወጣለን። ባለቤቴ እርሾውን በምን ይዘን እንሂድ እያለች ነው።

የስፓርክሷ

እርሾ ይዛ እንዳትቸገር፤ እኔ ጋ አለ። ስትደርሱ ጻፉልኝ።