በጥር ሠርግ ኪልት መልበስ፦ ለብርዱ የሚሆነው የትኛው ነው?

ጥያቄ፣ ከለንደን፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የእኅቴ ልጅ በጥር ወር ስኮትላንድ ውስጥ ኢንቨርነስ ከተማ አጠገብ ልትዳር ነው። ሙሽራው የስኮትላንድ ተወላጅ በመሆኑ፣ ቤተሰቦቹ የእኛም ወገን ወንዶች ኪልት የሚባለውን ባለ ሽንሽን የወንዶች ጉርድ ብንለብስ ደስ እንደሚላቸው ገልጸውልናል፤ እኔም በደስታ ተቀብያለሁ። ሆኖም ብርድን ሱሪ ለብሼም የምፈራ ሰው ነኝ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣም ለፎቶግራፍ ደጅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደምንቆም ተነግሮኛል። ልከራይ ወይስ ልግዛ? የሚሞቀውስ የትኛው ዓይነት ነው? ከሥሩ ጠባብ የሙቀት ሱሪ ብለብስ፣ ከላይ ደግሞ ጋቢ ብደርብ ነውር ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፣ ከኤድንብራ፦

ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። በቅድሚያ ስጋትዎን ላቃልል፤ በደንብ የተሠራ ኪልት ወገብንና ዳሌን ከብዙ ሱሪ የበለጠ ያሞቃል። ሙሉ የወንድ ኪልት በተለምዶ 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ ጨርቅ ይፈጃል። ይህ ሁሉ ጨርቅ ከኋላ በሽንሽን ተደራርቦ ስለሚሰፋ፣ ከፊትም ሁለት ሰፊ መሸፈኛ ስለሚነባበር፣ ብርዱ በይበልጥ የሚያገኝዎት ጉልበትዎ ላይ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ ከታርታኑ (ባለ መስቀለኛ መስመር ከሆነው የኪልት ጨርቅ) ቀለም አስቀድመው የጨርቁን ክብደት ይጠይቁ። ክብደቱ የሚነገረው በአንድ ያርድ ስንት አውንስ እንደሚመዝን ነው፤ 10 እና 11 አውንሱ ቀላል፣ 13 አውንሱ መካከለኛ፣ 450 ግራም ገደማ የሚሆነው 16 አውንስ ደግሞ ከባድ ይባላል። ለጥር ወር እኔ ያለ ማመንታት 16 አውንሱን እመርጣለሁ። 13 አውንሱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የከባዱ ጨርቅ ሽንሽን በራሱ ክብደት ወደ ታች ስለሚረጋ ነፋስ በቀላሉ አይገልበውም። ቀላሉ ጨርቅ ግን በፎቶግራፉ ሰዓት ሁለቱንም እጆችዎን ሥራ ያስይዝብዎታል። ከፊት የሚሰካው ትልቅ መርፌ ቁልፍ ይህን ያስቀርልኛል ብለውም አይተማመኑ፤ መሰካት ያለበት በላይኛው መሸፈኛ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከያዛቸው ሲቀመጡ ጨርቁን ይቀደዋል።

ጨርቁ ሱፍ ይሁን። ሮያል ማይል በሚባለው የኤድንብራ ጎዳና ግራና ቀኝ ለጎብኚ ከተሰቀሉት ርካሽ ኪልቶች ብዙዎቹ አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ናቸው፤ ለማስታወሻ ካልሆነ በቀር አልመክርም። የፖሊስተርና የቪስኮስ ቅልቅሉ በቤት ስለሚታጠብ ለበጋ ይመቻል። በዚህ አገር የብርድ ወራት ግን ከበረዶው ይልቅ የሚያስቸግረው ካፊያው ነው፤ ሱፍ ደግሞ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶም ቆዳ ላይ የራሰ አይመስልም። እርግጥ ሱፍም ቢሆን ወሰን አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኪልት ለብሰው ምሽግ ውስጥ የዋሉት የስኮትላንድ ወታደሮች፣ በጭቃ የራሰው የኪልታቸው ጠርዝ ሌሊት በውርጭ ሲጠጥር ቋንጃቸውን እየላጠ ያሠቃያቸው ነበር። እርስዎን የሚጠብቅዎት የሠርግ ድንኳን ስለሆነ እዚያ አይደርሱም።

ኪራይና ግዢን በተመለከተ፣ የሚለብሱት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ይከራዩ፤ ነገር ግን ለኪራይ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለው በመሆኑ አውንሱን ሳይጠይቁ አይፈርሙ። በእጅ የተሰፋ ባለ 8 ያርድ የሱፍ ኪልት አዲሱ ከ400 ፓውንድ በላይ ያስወጣል፤ ተሰፍቶ እስኪደርስም ብዙ ሳምንታት ይወስዳል። እኔ ግን ያገለገለ ቢገዙ ደስ ይለኛል። ጥሩ ሱፍ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል፤ ወገቡም በቆዳ ማሰሪያና በዘለበት ስለሚጠብቅና ስለሚላላ ለጥቂት የውፍረት ለውጥ አይቸገሩም። ከመግዛትዎ በፊት ወደ ብርሃን ዘርግተው ብል የበላው ቀዳዳ እንደሌለው ይዩ። ሲለኩ ደግሞ የሱሪዎን ቁጥር አይስጡ፤ ኪልት የሚታሰረው ከሱሪ ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ሲሆን፣ ጠርዙ የጉልበት ሎሚ መካከል ላይ ያርፋል።

ረጅሙ የሙቀት ሱሪ ነውር ባይሆንም ጉልበት ላይ ስለሚታይ አያምርም። ከጉልበት በላይ የሚቀር ቀጭን የሱፍ ቁምጣ ይበቃዎታል፤ ከኪልት ሥር ምን ይለበሳል የሚለውን ቀልድ ለአገሬው ይተዉለት። ካልሲው ወፍራም ሱፍ ሆኖ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ። ከኪልት ጋር የሚከራየው ባለ ረጅም ማሰሪያ ጫማ ምላስ የለውም፤ ቅዝቃዜውና ውኃው በቀጥታ ይገባል። ስለዚህ ደጅ ሲቆሙ የሚይዝ ሶል ያለው ተራ ጥቁር የቆዳ ጫማ ያድርጉ። ከኪልቱ የረዘመ ካፖርትም ይያዙ።

ታርታኑ ብዙ አያስጨንቅዎ። ባልሞራል የተባለው የታርታን ዓይነት ለንጉሣዊው ቤተሰብ የተከለለ ነው፤ ብላክ ዋች የተባለውን ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ ግን ማንም ቢለብሰው ቅር የሚለው የለም።

ተጨማሪ አስተያየት፣ ከአበርዲን፦

ወንድሜ፣ ስለ ጋቢው ማንም ስላልመለሰልዎት እኔ ልመልስ። ነውር የለውም፤ የጥንቱ የደጋው ስኮትላንድ ሰው ኪልት እኮ የተሰፋ አልነበረም። ቀን ወገብ ላይ በቀበቶ የሚታሰር፣ ትርፉ ትከሻ ላይ የሚጣል፣ ሌሊት ደግሞ የሚለበስ ረጅም የሱፍ ኩታ ነበር፤ የሙሽራው አባት ይህን ስለሚያውቁ ጋቢዎን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ካፊያ ካለ ግን መኪና ውስጥ ይተዉት፤ ጥጥ እንደ ሱፍ አይደለም፣ ከራሰ ቀኑን ሙሉ ትከሻዎ ላይ እንደከበደ ይውላል። ከልብሱ ይልቅ ለሙሽሮቹ አንድ ነገር ያሳስቡልኝ፤ በጥር መጀመሪያ ኢንቨርነስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ የደጁ ፎቶግራፍ ቢዘገይ በ8 ሰዓት ይጀመር።