ገለልተኛው ምስል ለምን ትኩረት ይሰርቃል?

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የምሠራው የትኩረት ሙከራ ግራ አጋብቶኛልና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እርዱኝ።

የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎች እያንዳንዳቸው ለ100 ሚሊሰከንድ በተከታታይ ብልጭ ይላሉ። አንዱ፣ ማለትም ዒላማው፣ በ90 ዲግሪ ዞሯል፤ ተሳታፊው ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ መለየት አለበት። ከዒላማው ቀደም ብሎ አስደንጋጭ ወይም ገለልተኛ አዘናጊ ምስል ይገባል። ሞስትና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ አስደንጋጩ ምስል ዒላማውን በ200 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ዒላማው ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል፤ ክፍተቱ 800 ሲደርስ ጉዳቱ ይቀንሳል።

የእኔ ውጤት በ800 ላይ ደኅና ነው። በ200 ላይ ግን ገለልተኛውም ከአስደንጋጩ ባልተናነሰ ያዘናጋል! ገለልተኛ ያልኳቸው ቁጭ ብለው ጋዜጣ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው፤ ማን ይደነግጥባቸዋል? በተራራና በሐይቅ መካከል ሰው ብቻውን ጎልቶ ስለሚለይ ይሆን? ከሆነ የስሜቱን ጫና ከዚህ ልዩነት እንዴት ልነጥል? አዘናጊ የሌለበት ማነጻጸሪያ ልጨምር፣ ወይስ አስደንጋጮቹን ምስሎች ቆራርጬና አመሰቃቅዬ ቀለማቸውን ብቻ ላስቀር?

አማካሪዬ «ተሳታፊ ጨምሪ» ይሉኛል፤ ለእኔ ግን ችግሩ የቁጥር አይመስለኝም። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 60 ፍሬም ያሳያል)፣ እያንዳንዱ ምስል ስድስት ፍሬም ይቆያል፤ ይህን ፈትሼዋለሁና እሱን አትጠርጥሩት።