ክርክር፦ የሰው ልጅ እድገትና እርጅና ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ ይሁን?

የሦስተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ዩኒቨርሲቲያችን ፔዳ ግቢ በር ላይ ቡና ስንጠጣ ሳይቋጭ የቀረ ክርክር ነው። ከፅንስ እስከ እርጅና ያለውን ሕይወት አንድ ላይ የሚያስተምሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ውጭ አገር አሉ። ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእርጅና ጥናት ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ባሕር ዳርም ይከፈት ባይ ነኝ።

የእድገት ሳይኮሎጂ ስንማር ከፅንስ ጀመርን። የሕፃናትን አስተሳሰብ ያጠናው ፒያዤ ላይ ሳምንታት ፈጀን። ጉርምስና ላይ ስንደርስ ፈተና ደረሰ፤ ከ40 ዓመት በኋላ ያለው ሕይወት «ሀንዳውቱን አንብቡ» ተብሎ ታለፈ። የሰውን ሕይወት በስምንት ደረጃ የከፈለው የሥነ ልቦና ሊቅ የኤሪክሰን ስምንተኛው ደረጃ፣ ሰው ዘመኑን ዞር ብሎ አይቶ ወይ ልቡ የሚያርፍበት ወይ በጸጸት የሚብሰለሰልበት፣ በአንድ ስላይድ አለቀ። እኔ የምተኛው ከአያቴ ጋር በአንድ ክፍል ነው። የተማርኩት ግን ስለ ሕፃን ነው።

ሥራ ፈላጊ ምሩቅ፦ እህቴ፣ ሐሳብሽን አከብራለሁ፤ አልስማማም ግን። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ 20 ዓመት አልሞላውም። ላልተቀጠረ ወጣት አገር የእርጅና ዲግሪ ምን ይሠራለታል? እኔ የመውጫ ፈተናውን አልፌ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የዲግሪዬ ስም ማስታወቂያ ላይ ስለማይወጣ፣ ሰሌዳ ሰሌዳው ሥር ቆሜ «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» የምትለዋን ሐረግ ስፈልግ እውላለሁ። እሷም ብትገኝ መዝጋቢው ወረቀቴን አገላብጦ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል። «በእድገትና እርጅና የተመረቀ» ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አሳዩኝና ድምፄን እሰጣለሁ።

ነርስ፦ የሥራውን ነገር ወንድሜ እውነቱን ነው። ትምህርቱ ይቅር ከተባለ ግን ዝም አልልም።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። እሑድ ሰንበቴ ላይ ጠላ ስትቀዳ ነበር። ማክሰኞ ማለዳ መቀነቷን ሦስት ጊዜ አስራ ፈታች፤ እኔን በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። ጎረቤት «ጃጀች» አለ። የወሰድናት ጤና ተቋም ያለው ባለሙያ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» አለን። የሽንት ምርመራ ይሠራላት ብዬ ሙጥኝ አልኩ። ኢንፌክሽን ነበር። መድኃኒቷን ጀምራ ሳምንት ሳይሞላ በስሜ ጠርታኝ «ቡናው ቀዘቀዘ» አለችኝ።

በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚመጣ መቀባዠር ዴሊሪየም ይባላል፤ ከሥሩ ሌላ ሕመም አለና መንስኤው ይፈለጋል። የመርሳት በሽታ ግን በወራትና በዓመታት ነው የሚያዘግም። ደግሞ አዛውንት ኢንፌክሽን ይዟቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። ይህን ለመማር የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይበቃል። ያን ባለሙያ አልፈርድበትም፤ እኔም ስማር ሕፃናት ክፍል ሳምንታት ተለማምጃለሁ፣ አዛውንት ላይ አንድም ቀን።

ስለዚህ አዲስ ዲፓርትመንት አልፈልግም። ነርሲንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ሕግም ጭምር፣ ግዴታ የሆነ ኮርስ ከነተግባር ልምምዱ ይጨመርባቸው። ተመራቂው የሚቀጠረው በሚታወቅ ዲግሪ ነው፤ እውቀቱ ግን አብሮት ይገባል።

«ወጣት አገር ነን» ለሚለውም መልስ አለኝ። በ1990 እ.ኤ.አ. የአገራችን አማካይ የመኖሪያ ዕድሜ 50 አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ60 አልፏል። ያ ሁሉ ወጣት አንድ ላይ ነው የሚያረጀው። ጧሪ የሚባለውም ልጅ አዲስ አበባ ወይ አረብ አገር ነው።

ጡረተኛ መምህር፦ ልጆቼ፣ በ60 ዓመቴ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ከሚጠናው ወገን ልናገር። ሲስተር ያለችው ልክ ነው፤ የምፈራው ግን እኛን እንደ በሽታ ብቻ እንዳታጠኑን ነው። ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አውቃለሁ። የታንኳውን ሣር፣ ደንገል፣ ማጨዱን ትተውታል፤ ልጃቸው አጭዶ፣ አድርቆ ያቀርብላቸዋል። እሳቸው ቁጭ ብለው የታንኳውን አፍንጫ፣ ሽቅብ የሚታጠፈውን ጫፍ፣ ብቻ ያስራሉ። ገመዱን በጉልበታቸው ወጥረው በጥርሳቸው ሲያጠብቁ አይቻለሁ። ልጁ ከታንኳው ወገብ በታች ያለውን አሳምሮ ይሠራል፤ አፍንጫው ግን ገና አልሆነለትም። እኚህ ሰው ደከሙ ይባላል ወይስ መረጡ?

የሦስተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ፦ ጋሼ፣ የነገሩን ነገር ስም አለው! ፖል ባልቲስ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሰው ሲያረጅ የሚሠራውን ይመርጣል፣ የመረጠውን ያጎለብታል፣ የጎደለውን በሌላ ያካክሳል ይላል። ምሳሌው ፒያኖ ተጫዋቹ አርተር ሩቢንስታይን ነው። በስተርጅና የሚጫወታቸውን ሥራዎች ቀነሰ፣ የቀሩትን አብዝቶ ተለማመደ፣ ፈጣኑ ክፍል ሲደርስ ፍጥነቱ እንዲጎላ ከሱ በፊት ያለውን ዝግ አደረገ። የእርስዎ አዛውንት ማጨዱን ለልጅ ሰጥተው አፍንጫውን ያዙ። እኔ ይህን ያገኘሁት ለብቻዬ ሳነብ ነው፤ ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረኝም።

ሥራ ፈላጊ ምሩቅ፦ በኮርስ ደረጃ ከሆነ እኔም አለሁበት። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይላል፤ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ማን ይፈጽመዋል። የተግባር ልምምዱ ግን አንድ ቀን ሄዶ ሳሙና ሰጥቶ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ እንዳይሆን።

ጡረተኛ መምህር፦ አንድ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር አንድ አዛውንት ቤት ይመላለስ። ዕድሩ ያገናኛችሁ፤ የማን ቤት ሰው እንደሚያስፈልገው ከዕድር ዳኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሦስተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ፦ እሺ፣ ዲፓርትመንቱን ትቼ በኮርሱ ተስማምቻለሁ። ሲስተር፣ ከክርክሩ ውጭ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አያቴ ከቅዳሜ ወዲህ ቀን ቀን እየተኛች ሌሊት ትነሣለች፤ በሩን ከፍታ «ከብቶቹ አልገቡም» ትላለች። ከብት ካጣን ዘመን የለውም። እርጅና ነው ብለን ትተነው ነበር።

ነርስ፦ ከቅዳሜ ወዲህ ከሆነ ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል አድርገሽ ያዥ፤ አዲስ የተጀመረላት ካለ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ውኃ በደንብ ትጠጣ እንደሆነም ይጠይቁሻል። «እርጅና ነው» ካሉሽ «እስከ ዓርብ ደህና ነበረች» በያቸውና ከዚያ ቃል ንቅንቅ አትበይ።