ታሞ የተነሣ ሰው ወደ ሥራው ይመለስ ወይስ «ቤቱ ይረፍ»?

የጉለሌ ልጅ፦ ትናንት እዚህ «አንዴ አእምሮውን የታመመ ሰው ሥራ ምን ያደርግለታል፣ ቤቱ ይረፍ» የተባለው በጣም አናዶኛል። እስከ መቼ ነው የሚያርፈው? ይሄ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ገና በወጣትነት ነው።

ባለ እንጨት ቤቱ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። የእኔ ሥራ መጋዝ ነው። በመድኃኒት እያንቀላፋ እጁ ቢቆረጥ ማን ይጠየቃል?

ነርሷ፦ መጋዝ ላይ አታቁመዋ! ቫርኒሽ ይቀባ፣ ዕቃ ይረከብ። ድብታው ሲበዛ ለሐኪሙ ይነገራል፣ መድኃኒቱ ይስተካከላል። የሚጎዳቸው ዘግይተው መምጣታቸው ነው። እንቅልፍ ሲያጣ፣ ብቻውን ሲያወራ፣ «ይከታተሉኛል» ሲል ቤተሰብ ይደብቀዋል። በዘገየ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል።

የማርያም ልጅ፦ ደበቁት አትበይ፣ ጸበል ወሰዱት። አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መምጫ የሌለው ስንቱ ነው?

ነርሷ፦ ጸበሉን ማን ከለከለ? አቡነ ጳውሎስ እንኳ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር ይወሰድ ብለው ነበር። መድኃኒቱን አታስጥሉት ነው የምለው። አማኑኤል ብቻ አይደለም ደግሞ፣ ጉራጌ አካባቢ በጤና ጣቢያ ባለሙያ የታከሙት በሥነ አእምሮ ነርስ ከታከሙት ባልተናነሰ ተሽሏቸዋል።

የማርያም ልጅ፦ ጉራጌ ሌላ፣ የእኛ ወረዳ ሌላ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ከርዕሱ ወጣችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ፣ የቀረው 3 ወር ያለ ክፍያ። ግን የሐኪም ወረቀቱን ለአለቃው ማሳየት የሚፈራ ሰው ዝም ብሎ ይቀራል፣ ከዚያ «ጠፋ» ተብሎ ይባረራል።

እህቱ ነኝ፦ ወንድሜ ካሸር ነው፣ ታክሞ ተመልሷል። እሱ የቆጠረውን ብር እዚያው ፊቱ ደግመው ይቆጥሩበታል። ድሮ እንዲህ አያደርጉም ነበር። ከመድኃኒቱ በላይ ያደከመው ይሄ ነው።

ባለ እንጨት ቤቱ፦ አይዞሽ እህቴ። ግን ገንዘብ ሁሌም ይቆጠራል። ነገ ቢያገረሽበትስ?

እህቱ ነኝ፦ የሌሎቹን ካሸሮች ለምን ደግመው አይቆጥሩም ታዲያ? ስኳር ያለበትስ አይነሳበትም? እሱንም ቤትህ እረፍ ትለዋለህ?

ባለ እንጨት ቤቱ፦ ስኳር ያለበት ደንበኛ ላይ አይጮህም።

እህቱ ነኝ፦ ወንድሜ ማን ላይ ጮኸ? ንገረኝ እስቲ፣ ማን ላይ?

የጉለሌ ልጅ፦ መልስላት።

ባለ እንጨት ቤቱ፦ ስለ እሷ ወንድም አላወራሁም። እሺ፣ ዕቃ ይረከብ አላችሁ፣ ያ ማለት የመጋዘን ቁልፍ መስጠት ነው። ቁልፍ ለማንም አዲስ ሰው አልሰጥም።

ነርሷ፦ አዲስ ሰው ማን አለህ? የራስህ ሠራተኛ ታሞ ሲመለስ ነው እኮ የምናወራው!