የዲያቆናቱ መታሰቢያ፦ የጋራ ሐሳባችን ሁለተኛ ረቂቅ (ደብረ ብርሃን)

ጸሐፊ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «እንደ አዲስ አበባው ረዥም ይሁን» የሚለው ሐሳብ በዝቷል። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት 28 ሜትር ነው። ሰው ግን ቀርቦ የሚያየው ከግርጌው ያለውን የነሐስ ቅርጽ ነው፤ የዩጎዝላቪያዎቹ ቀራጾች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ጭፍጨፋውን በዚያ አሳይተውታል። የኛም ጉዳይ ከዚያው ይመዘዛል፤ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በቀሉ ደብረ ሊባኖስ ደረሰ፤ ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱ ተረሸኑ፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን የተወሰዱት ዲያቆናት። የየካቲቱን ዋና ከተማው ይዞታል፤ እኛ የግንቦቱን እንያዝ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ጽሑፍ ጥቁር ድንጋይ ይበቃል ባይ ነኝ።

የታሪክ መምህርት፦ ከቁመቱ በፊት ጽሑፉ ይወሰን። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ጃንሆይ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ቀኑ ብቻውን ቢቀረጽ የሽንፈትም የድልም ነው። ስለዚህ ዓመተ ምሕረት የሌለው ቀን ድንጋዩ ላይ አይውጣ። ሁለተኛው ጣጣ ቁጥሩ ነው። የጣሊያን ጦር የዲያቆናቱን ብዛት 129 ብሎ መዝግቧል፤ በኋላ ያጠኑ ምሁራን ደግሞ የሟቾቹ ጠቅላላ ቁጥር ጣሊያን ካመነው በብዙ ይበልጣል ይላሉ። «129 ዲያቆናት» ብለን ከቆረጥን የገዳዮቹን ሒሳብ አጸደቅንላቸው ማለት ነው። «ገዳዮቻቸው 129 ብለው የመዘገቧቸው» ይባል።

ድንጋይ ጠራቢ፦ የመምህርትን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ቃላት ግን ይቀነሱ። ፊደሉ ከ4 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ካዕቡና ሣልሱ ይምታታል። የ«ሉ» ቅጥያ ወገቡ ላይ፣ የ«ሊ» እግሩ ላይ ነው፤ በጥቁር ድንጋይ ላይ መሮው ትንሽ ፈንጠር ካለ ቅጥያዋ ትነሳለች፣ ቃሉም ሌላ ይሆናል። ቀለም አትሙሉበት፤ በሁለት ክረምት ይላጣል። ጠለቅ ብሎ ከተቆረጠ ጥላው ራሱ ያስነብባል። ለዚህም ፊቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይዙር፣ ጠዋትና ማታ ፀሐይ በጎን እንድትመታው።

ግንበኛ፦ አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ድንጋዩንም ያዘምመዋል። ቢያንስ 1 ሜትር ተቆፍሮ ይውጣ፣ ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላ፣ በላዩ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይፍሰስ። ኮንክሪቱን ኅዳርና ታኅሣሥ እንዳታስቡት፤ ውርጩ ሳይጠነክር ያበላሸዋል። በየካቲት ይፍሰስ፣ 7 ቀን በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ፣ ድንጋዩ ከ28 ቀን በኋላ ይጫን። እንደዚያ ከሆነ ለግንቦት ይደርሳል።

ድንጋዩ በሦስት ይከፈል። ማያያዣው ተራ ፌሮ አይሁን፤ ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ ሲረጋ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል። 20 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት፣ ወደ እያንዳንዱ ድንጋይ 15 ሳንቲ ሜትር የሚገባ። የሚለጠፈው በታችኛው ድንጋይ ብቻ ነው፣ የላይኛው ይሰካል፤ ማንሣት ካስፈለገ ሳይሰበር እንዲወጣ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ መንገድ በ2005 ተነሥቶ በ2008 እንደተመለሰ አትርሱ፤ እዚህም መንገድ ይሰፋል።

የታሪክ መምህርት፦ ሳይለጠፍ የተሰካ ድንጋይ አይወድቅም ወይ? በ1953 ማጀቴን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ እኮ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው።

ግንበኛ፦ ልክ ነዎት፤ በ25 ውፍረት አልደፍርም። ውፍረቱ 40 ይሁን፣ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ80 ይውረድ። በየ60 ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ አንዱ ወደ 800 ኪሎ ይመጣል፤ በሦስት እግርና በሰንሰለት ይነሣል።

ገንዘብ ያዥ፦ ክሬን ከቀረልን እሰየው። ድንጋዩ ከመቆረጡ በፊት ጽሑፉ በወረቀት ላይ በልኩ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና አምስት ሰው ያርመው፤ ድንጋይ ላይ የወጣ ስሕተት ሁለተኛ ድንጋይ ያስገዛል።

ጸሐፊ፦ 1 ሜትር ከ80፣ ውፍረት 40፣ «ብለው የመዘገቧቸው» የሚለው ቃል ገብቷል። ቦታው ላይ የሀገረ ስብከቱ አስተያየት ሳይመጣ አናስገባም። የመምህርትን ጽሑፍ እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ፤ ከ40 ቃላት እንዳይበልጥ።