ጥቆማ፦ ለሮቦት ቻሲስ ቱቦላሬ ወይስ አሉሚኒየም?

ጀማሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለትምህርት ቤታችን ክለብ የውድድር ሮቦት እየሠራን ነው። ርዝመቱም ወርዱም 60 ሳንቲ፣ ክብደቱ ከነባትሪው ከ15 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ቻሲሱን (ሁሉን የሚሸከመውን ፍሬም) በ20 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ ላስበይደው ወይስ አሉሚኒየም ይሻላል? ጎማስ 4 ይበቃል? መርካቶ ማን ጋ ልሂድ?

የተራው ልጅ፦ ምናለሽ ተራ ግባ፣ ሌላ ቦታ አትልፋ። እኔ 10 ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰውዬ ነው የምገዛው።

ሹፈት፦ 20 በ40 ቱቦላሬ? ሮቦት ነው የግቢ በር? መቀርቀሪያውን እንዳትረሳ።

ባለካቴና፦ ቀልዱ እውነት አለው። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ከሆነ ብረቱ በሜትር 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 4 ሜትር ከፈጀህ ከ5 ኪሎ በላይ በቻሲስ ብቻ ሄደ። አሉሚኒየም ቢሆን 2 ኪሎም አይሞላ።

ብስጩ፦ አሉሚኒየም ካልክ ብየዳ እንዳታስብ! አምና አንዱ ጋ ወሰድኩት፣ «ችግር የለም» አለኝ። ብረት ሲግል ይቀላል፣ አይተህ እጅህን ትሰበስባለህ። አሉሚኒየም መልኩን ሳይቀይር ዝርግፍ ነው የሚለው። የተረፈውም ተጣሞ መሬት ስናስቀምጠው አንዱ ጎማ አየር ላይ ቀረ። ብሬንም በላኝ።

የተራው ልጅ፦ የኔ ሰውዬ ጋ ብትሄድ ይሄ አይደርስብህም ነበር።

ብስጩ፦ አሉሚኒየም የሚበየድበት የአርጎን ጋዝ አለው?

የተራው ልጅ፦ የለውም። ግን እጁ ወርቅ ነው።

አርዱኢኖ፦ ኮዱን በምንድነው የምትጽፉት? የሞተር ድራይቨሩ እንዳይግል ማራገቢያ ግጠሙለት።

ብስጩ፦ ማን ስለ ኮድ ጠየቀ?

ባለካቴና፦ ወንድሜ፣ ብየዳውን እርሳው። ማዕዘኖቹን በ2 ሚሊ የአሉሚኒየም ላሜራ ደርበህ ሪቬት ምታው። ቢጣመም ሪቬቱን በድሪል አውጥተህ ትቀይረዋለህ። ጎማ 6 አድርግ፣ የመሃሉን ጥንድ 3 ሚሊ ዝቅ አድርገው። 4 ጎማ ብቻ አድርገህ አራቱም ላስቲክ ሆነው እኩል ከረገጡ ሲዞር ጎማው ወደ ጎን ይፋቃል፣ ሞተሩ ያቃስታል። መሃሉ ዝቅ ካለ ግን እዚያው ላይ ሽክርክር ይላል። በየጎኑ ያሉትን ሦስቱን በካቴና አገናኛቸው። ሜካነም የሚባለው፣ ዙሪያውን ሰያፍ ትንንሽ ሮለር ያለው ጎማ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ያምራል፤ ተጋጣሚ ሲገፋው ግን ይንሸራተታል። ደግሞ ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር ይፈልጋል።

ጀማሪ፦ ተባረኩ! የብስጩን ታሪክ ለልጆቹ አነበብኩላቸው፣ በሳቅ ሞቱ። ለመሆኑ የብስክሌት ካቴና ይሆናል ወይስ ቀጭን መፈለግ አለብኝ?

የተራው ልጅ፦ ካቴናም ሰውዬዬ ጋ አለ።