ቃለ መሐላዬ ላይ የአባቴ የሞት ቀን ተሳስቷል፤ ቀጠሮው ነገ ነው!

የደብረ ሲናዋ፦ እባካችሁ ቶሎ! ነገ 3 ሰዓት ደብረ ብርሃን ችሎት አለኝ። የቤቱ እግድ ነው። ከአቤቱታው ጋር ያስገባሁት ቃለ መሐላ አባቴ «በ20/1/2022 ዓ.ም አረፈ» ይላል። ራፖር ጸሐፊው የፈረንጁን ቀን ከሆስፒታሉ ወረቀት ገልብጦ «ዓ.ም» ጨመረበት። ፈርሜ ምያለሁ። ያየሁት ዛሬ ነው። ምን ላድርግ?

የመንዝ ልጅ፦ አይዞሽ እህቴ፣ 2022 እኮ ገና አልመጣም! ዳኛውም ይገባዋል። 2022ን ሰርዘሽ 2014 በይና ጎኑ ላይ ፈርሚ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ መሐላ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አገር መሐላ ፈርቶ መሬቱን የሚለቅ ሰው ነበር። ጸሐፊው የጻፈውን ጮክ ብሎ ሳያነብልሽ መፈረም አልነበረብሽም። ወጣቶች ሁሉ ይህን ያዙ።

ሸዋ ሮቢት፦ እኔም ሰርዘሽ ፈርሚ ነው የምለው። ካልሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 208 ይታረምልኝ በይ። ፍርዴ ላይ የአያቴ ስም ተሳስቶ በእሱ ነው የታረመው።

ጠበቃ ነኝ፦ 208 የፍርድና የትእዛዝ ስህተት ማረሚያ ነው። የተከራካሪን ወረቀት አይመለከትም። መዝገብ ውስጥ የገባ ወረቀትም በእስክሪብቶ አይነካም። ለመሆኑ አባትሽ መቼ ነው ያረፉት? ተከራካሪሽስ ምን ይዟል?

የደብረ ሲናዋ፦ ጥር 12 ቀን 2014፣ በጥምቀት ማግስት። የአባቴ ልጅ ነው የሚከራከረኝ። ኅዳር 2014 በስጦታ ሰጥቶኛል ብሎ ውል አቅርቧል። ፊርማው የአባቴ አይደለም። አሁን ቤቱን ሊሸጠው ደላላ እያመላለሰ ነው።

ብርዱ፦ እግዱ እኮ ቤቱ እንዳይሸጥ ብቻ ነው። የሞት ቀን ለዋናው ክርክር ነው። እኔ ብሆን ዝም እላለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ ዝም አትበይ ልጄ! ሳያውቁ መሳሳትና አውቆ ዝም ማለት አንድ አይደሉም።

ጠበቃ ነኝ፦ መምህር ልክ ናቸው። ዓመቱን ብቻ ብትቀይሪ ደግሞ ጉድ ይፈላ ነበር። 20/1/2014 መስከረም 20 ተብሎ ነው የሚነበበው። የኅዳሩ ውል አባትሽ ከሞቱ በኋላ የተፈረመ ሊመስል ነው! ስህተቱ አንቺን የሚጠቅም ስለሆነ «ጸሐፊው ነው» ብትዪ ማን ያምንሻል? አውቆ በሐሰት መማል ወንጀል ነው።

ጠዋት ቀድመሽ ድረሺ። አዲስ ቃለ መሐላ አስጽፊ። የፊተኛው ምን እንደሚል፣ ትክክለኛው ቀን ጥር 12 መሆኑን፣ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይግለጽ። የሆስፒታሉን ወረቀትና የሞት ምስክር ወረቀቱን ኮፒ አያይዢ። የፊተኛውን በማልሽበት ቦታ እንደገና ትምያለሽ። ለወንድምሽም አንድ ኮፒ ያዢ። አሮጌው መዝገቡ ውስጥ ይቆይ። ዳኛው ሳይጠይቅሽ አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ። አቤቱታው ላይም ያው ቀን ካለ በቁጥር 91 ለማሻሻል አስፈቅጂ።

ሸዋ ሮቢት፦ ሰርዞ መፈረም ግን ይቀል ነበር።

የመንዝ ልጅ፦ እኔ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። ጠበቃው ያለውን አድርጊ። ጣርማ በር ላይ ጉም ስለሚኖር የመጀመሪያውን መኪና ያዢ።

የደብረ ሲናዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጠበቃ! ወረቀቶቹን እየፈለግኩ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ እህቴ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ እኮ። እግዱ ተሰጠሽ ወይ?

ብርዱ፦ ጠበቃ፣ የእኔ ደግሞ ክሱ ላይ የቤት ቁጥሩ ተሳስቷል። በዚያው በ91 ይሄዳል?